ዶማው ሲጠፋ፦ በድዋርፍ ፎርትረስ ብቸኛውን መቆፈሪያ ለማስመለስ ወይም ለመተካት ያሉ አማራጮች ንጽጽር

ድዋርፍ ፎርትረስ ሰባት ድንኮችን ከአንድ ጋሪ ጋር ሰው ባልሰፈረበት ምድር ላይ አውርዶ የሚጀምር ጨዋታ ነው። በጋሪው ላይ ምግብ፣ መጠጥ፣ ዘርና ልዩ ልዩ ዕቃ ይጫናል፤ ተራራውን የሚከፍተው ግን ዶማ ብቻ ነው። አፈርም ሆነ አለት በባዶ እጅ አይቆፈርም፣ መጥረቢያም ዶማን አይተካም። ስለዚህ በጉዞው መነሻ አንድ ዶማ ብቻ የጫነ፣ ወይም ሁለት ጭኖ ሁለቱንም ያጣ ተጫዋች፣ ድንኮቹ ሁሉ በሕይወት እያሉ መንደሩ እንደቆመ ያየዋል። ታርን አዳምስና ወንድሙ ዛክ ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ ከለቀቁበት ጊዜ ጀምሮ ተጫዋቾቹ «መሸነፍ ደስታ ነው» የሚል መፈክር አላቸው፤ ይሁንና በአንድ ዶማ ምክንያት ምንም ሳይሠሩ ወቅት እስኪለወጥ መጠበቅ ሽንፈትም ደስታም አይደለም።

ዶማው ጠፍቶበት ምክር የሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ ብዙ ነው፤ አንዱ ሲራራ ነጋዴ ጠብቅ ይለዋል፣ ሌላው ራስህ አንጥር፣ ሦስተኛው ከወንዙ አውጣው፣ አራተኛው ይህን ሁሉ ትተህ ከውጭ በሚጫን መሣሪያ ፍጠረው ይለዋል። ሁሉም በየቦታቸው ትክክል ናቸው። የሚለያዩት መንደሩ በምን ወቅት ላይ እንዳለና በእጁ ምን እንደቀረ ነው፤ ይህ መመሪያም የሚመዝናቸው በዚሁ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የጨዋታው ዓመት 28 ቀን ያላቸው 12 ወራት፣ በድምሩ 336 ቀናት አሉት፤ ጸደይ፣ በጋ፣ መኸርና ክረምት በዚሁ ቅደም ተከተል ይመጣሉ፣ እያንዳንዱም ወቅት 84 ቀን ነው። ጨዋታው በጸደይ መጀመሪያ ይከፈታል፣ የድንኮቹ እናት አገር ሲራራ ደግሞ በመኸር ይደርሳል። ስለዚህ በበጋው መጨረሻ ዶማ የጠፋበት ሰው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ይጠብቃል፤ ሲራራው ተመልሶ ከሄደ በኋላ የጠፋበት ግን አንድ ዓመት ያህል ይጠብቃል። (የጨዋታው ክረምት በረዶ የሚወርድበት ወቅት ስለሆነና ከእኛ የዝናብ ክረምት ጋር እንዳይምታታ፣ ከዚህ በታች «ብርዱ ወቅት» እያልኩ እጠራዋለሁ።)

ሁለተኛው በእጅ ያለው ሀብት ነው፦ ግንድ፣ እሳት የሚችል ድንጋይ፣ መስፍ (አንጥረኛ ብረት የሚቀጠቅጥበት)፣ ብረት፣ ለሽያጭ የሚሆን ዕቃ። ሦስተኛው በድንኮቹ ሕይወት ላይ የሚደርሰው አደጋ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ድንክ ማጣት ከሰባት አንዱን ማጣት እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። አራተኛው እርግጠኝነት፣ ማለትም ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ቢሠራ እንኳ ውጤቱ ዶማ ለመሆኑ ምን ያህል ዋስትና አለ የሚለው ነው። አምስተኛውን አንዳንዱ መመዘኛ አድርጎ አይቆጥረውም፤ እኔ ግን እቆጥረዋለሁ፦ መፍትሔው የመንደሩን ታሪክ ያስቀጥላል ወይስ ያቋርጠዋል?

ከሁሉ በፊት፦ በእርግጥ ጠፍቷል?

ይህ አማራጭ ወጪ የለውም፣ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። አንድ ጊዜ ከወንዝ ወደ እርሻዬ የሚወስድ ቦይ አስቆፍሬ ውኃው እንዳይገባብኝ አፉን በግንድ ግድግዳ አስዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ያዘዝኩት ቁፋሮ ሁሉ ሳይነካ ቀረ። ዶማው ወንዝ ገብቷል ብዬ ደመደምኩና ለሲራራው የሚሸጥ የእንጨት ጌጣጌጥ ማሠራት ጀመርኩ። በመጨረሻ የድንኮቹን ስም ዝርዝር አንድ በአንድ ሳይ፣ ቆፋሪው መጠማቱን የሚያሳይ ምልክት ከራሱ በላይ ብልጭ ድርግም እያለ፣ ዶማውን እንደያዘ፣ ከዘጋሁት ግድግዳ በስተጀርባ ቆሟል። በሰው የተሠራ ግድግዳ ለማፍረስ ዶማ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ሥራ ያልያዘ ድንክ ያፈርሰዋል። ግድግዳው ፈረሰ፣ ቆፋሪው ወደ መጠጡ ሮጠ፣ የዶማውም ነገር በዚሁ አበቃ።

ከዚህ የተነሣ ፍለጋው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሄድ ይመረጣል። በመጀመሪያ የዕቃ ዝርዝሩን ከፍቶ በጨዋታው ቋንቋ «ፒክ» ብሎ መፈለግ ነው፤ ዝርዝሩ ካሳየው ዶማው በካርታው ላይ አለ ማለት ነው፣ ወዳለበት ቦታም ማያውን ያዞራል። ቀጥሎ ማን እንደያዘው ይታያል። በሥራ ምድቡ ቆፋሪ የተባለ ድንክ ባይቆፍርም፣ ቢተኛም፣ ቢበላም ዶማውን ይዞ ይዞራል። አራት ድንኮች ቆፋሪ ተብለው ዶማው አንድ ከሆነ፣ ቀድሞ ያነሣው አንዱ ነው፤ እርሱ በሕክምና ቦታ ተኝቶ ከሆነ ሦስቱ ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ። መፍትሔው የተኛውን ከቆፋሪነት ምድብ ማውጣት ነው፤ ያን ጊዜ ዶማውን ያስቀምጣል፣ ሌላው ያነሣዋል። ቆፋሪነት፣ ዛፍ ቆራጭነትና አዳኝነት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መሣሪያ ስለሚያሲዙ አንድ ድንክ ከሦስቱ ሁለቱን አጣምሮ መሥራት እንደማይችልም ልብ ይሏል። ዶማ በጦር ሜዳም መሣሪያ ስለሆነ፣ በጦር ጓድ ውስጥ የገባ ድንክ እንደ ጦር መሣሪያ ታጥቆት ሊገኝም ይችላል።

በመጨረሻ እገዳውን ማየት ነው። እንደ ቋሚ ትእዛዙ ሁኔታ፣ የሞተ ድንክ ዕቃ ወዲያው «የታገደ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ዶማው ሜዳ ላይ በግልጽ እየታየ ማንም አይነካውም። እገዳውን ማንሣት የአንድ ጠቅታ ሥራ ነው። የሞተበትን ቦታ ግን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ የገደለው አውሬ እዚያው ካለ፣ እገዳው ሲነሣ ዶማውን ለማንሣት የሚሮጠው ድንክ ሁለተኛው ሟች ይሆናል።

ከወደቀበት ማውጣት

ዶማው ያለበት ቦታ ታውቆ መድረስ ካልተቻለ፣ ወሳኙ ጥያቄ ምን ውስጥ እንደወደቀ ነው።

ደረቅ ጉድጓድ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከግንድ ደረጃ እየሠሩ ደርብ በደርብ መውረድ ይቻላል፣ ለዚህም ዶማ አያስፈልግም። ኩሬ ከሆነም ተስፋ አለ። ጨዋታው የውኃን ጥልቀት ከ1 እስከ 7 ይለካል፤ ድንኮች እስከ 3 ባለው ውኃ ውስጥ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ 4 ሲሞላ መንገዱ ይዘጋባቸዋል። ውኃውን ወደ 3 ለማውረድ የሚያገለግለው ጠመዝማዛ ፓምፕ የሚሠራው ከአንድ ጥርብ፣ ከአንድ ትልቅ ጠመዝማዛ ዘንግና ከአንድ ቧንቧ ሲሆን ሦስቱንም አናጢው ከእንጨት ያወጣቸዋል፤ አንድ ድንክም በጉልበቱ ያንቀሳቅሰዋል። ፓምፑ የሚስበው ከርሱ አንድ ደርብ ዝቅ ካለው ቦታ ስለሆነ በኩሬው ዳር ይተከላል፤ የሚተፋው ውኃም ተመልሶ ወደ ኩሬው እንዳይፈስስ አቅጣጫው መታሰብ አለበት። መጥረቢያና ዛፍ ላለው መንደር ይህ ጥሩ አማራጭ ነው።

ወንዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከካርታው ጫፍ የማያቋርጥ ውኃ ስለሚቀበል በፓምፕ አይደርቅም። ብርዱ ወቅት ሲመጣ ወንዙ በሚረጋበት አገር ላይ የሰፈረ ሰው «ሲረጋ በላዩ ሄጄ አነሣዋለሁ» ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ዶማው ግን በበረዶው ውስጥ ይታሰራል፣ በረዶውን ለመስበር ደግሞ ዶማ ያስፈልጋል። ውኃው በሚረጋበት ቅጽበት ውስጡ ያለ ድንክም ይሞታል። እንደ እኔ አመለካከት ወንዝ ውስጥ የገባን ዶማ መተው የተሻለ ነው።

ማግማ (የቀለጠ አለት) ውስጥ ከወደቀ የዶማው ብረት ይወስናል። መዳብና ነሐስ በማግማ ሙቀት ይቀልጣሉ፤ ብረትና አረብ ብረት ይተርፋሉ። ይሁን እንጂ የብረት ዶማ በማግማ ሐይቅ ወለል ላይ ሳይጎዳ መቀመጡ ለመንደሩ የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ ሐይቁን ማንጠፍ ዶማ ከሌለው መንደር አቅም በላይ ነው።

በራስ መንደር ማንጠር

ይህ አማራጭ ከሲራራ በላይ ፈጣን፣ ከፍለጋም በላይ አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን የሚቻለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ ነው፦ መስፍ፣ ነዳጅና ብረት።

ከነዚህ በፊት የሚዘነጋ አንድ ጉዳይ አለ። የከሰል ምድጃው፣ ማቅለጫውና የአንጥረኛው ቤት እያንዳንዳቸው እሳት ከሚችል ነገር መሠራት አለባቸው፤ ተራ ግንድ አይሆንም። ስለዚህ በትንሹ ሦስት ድንጋይ፣ የድንጋይ ጥርብ ወይም የብረት ባር ያስፈልጋል። ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት አለት የተቆፈረ ከሆነ ችግር የለም፤ ዶማው በመጀመሪያው ቀን አፈር ላይ እያለ ከጠፋ ግን ድንጋይ ስለማይኖር ይህ አማራጭ እዚያው ይዘጋል።

ሦስቱ ድንጋዮች ካሉ የቀረው ስሌት ቀላል ነው። አንድ ግንድ አንድ ከሰል ይወጣዋል። አንድ የመዳብ ማዕድን በአንድ ከሰል ቀልጦ አራት ባር ይሰጣል። አንድ ዶማ አንድ ባርና አንድ ከሰል ይፈልጋል። ስለዚህ ማዕድን በእጁ ያለ ሰው በሁለት ግንድ አንድ ዶማ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ በሦስቱ ትርፍ ባሮች ላይ በያንዳንዱ አንድ ግንድ እየጨመረ ሦስት ተጨማሪ ዶማ ማስነጠር ይችላል። ዶማ በጨዋታው ከጦር መሣሪያዎች ተርታ ስለሚመደብ ትእዛዙ የሚሰጠው በዚያ ክፍል ነው፤ ልምድ የሌለው አንጥረኛም ቢሆን ይሠራዋል። የመቆፈሩ ፍጥነት የሚወሰነው በቆፋሪው ችሎታ እንጂ በዶማው ብረት ወይም ጥራት አይደለም፤ ስለዚህ መዳብ ያለው ሰው አረብ ብረት እስኪያገኝ መጠበቁ ከንቱ ነው።

ማዕድን የሌለው ሰው ከብረት የተሠራ ዕቃ ማቅለጥ ይችላል። አንድ ዕቃ ሲቀልጥ ሙሉ ባር ላይሰጥ ይችላል፤ ክፍልፋዩ በዚያው ማቅለጫ እየተጠራቀመ ይሄድና ሲሞላ ባር ሆኖ ይወጣል፣ ለእያንዳንዱ ዕቃም አንድ ከሰል ይቃጠላል። የድንኮቹ ጠላት የሆኑት ወራሪ ፍጡራን፣ ጎብሊኖች፣ ጥለውት የሚሄዱት የመዳብና የብረት ትጥቅ ለዚህ ተስማሚ ነው። ፈጽሞ መቅለጥ የሌለበት ግን የመጨረሻው መጥረቢያ ነው። ከሰሉ ከግንድ፣ ግንዱ ከመጥረቢያ ስለሚመጣ፣ መጥረቢያውን አቅልጦ ዶማ ለማንጠር የተነሣ ሰው ከሰሉ አንድ ሲጎድልበት ሁለቱንም ያጣል።

ሲራራውን መጠበቅ

በመኸር ከእናት አገር የሚመጣው ሲራራ የብዙዎች መፍትሔ ነው። የሚጠይቀው ሦስት የግንባታ ዕቃ የሚበላ ማራገፊያ (ግንድ ይበቃል፤ ጋሪውን ማፍረስ ብቻ ሦስት ግንድ ይሰጣል)፣ ሦስት እርምጃ ስፋት ያለው የጋሪ መንገድ፣ እና የሚሸጥ ነገር ነው። መንገዱ ከጠበበ ጋሪዎቹ ስለማይገቡ የሚመጣው ዕቃ ያንሳል። ዶማ የሌለው መንደር ምን ይሸጣል ለሚለው፣ የበሰለ ምግብ ከሁሉ ይቀድማል፤ ከጥሩ ግብዓት የተሠራ ወጥ በጨዋታው ውድ ዕቃ ነው። ከእንጨትና ከአጥንት የሚቀረጽ ጌጣጌጥም ያስኬዳል። ነጋዴው ትርፍ ካላየ ስለማይስማማ ከዋጋው በላይ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ድክመቱ እርግጠኝነቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሲራራ ዶማ ይዞ ለመምጣቱ ዋስትና የለም። ይህ ሲያጋጥም ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል፤ መስፍ ያለው ሰው የመዳብ ባር ገዝቶ ወደ ቀደመው አማራጭ ይመለሳል፣ የሌለው ደግሞ ከሲራራው ጋር ለሚመጣው መልእክተኛ የሚቀጥለውን ዓመት ጥያቄ ያስመዘግባል። በጥያቄው ላይ ለዶማ ከፍ ያለ ቅድሚያ መስጠት ዋጋውን ያስወድዳል፣ የመምጣቱን ዕድል ግን ያሰፋል። የነጋዴዎቹን ዕቃ ሳይከፍሉ መንጠቅም በጨዋታው ይቻላል፤ ለአንድ ዶማ ሲባል ከእናት አገር ጋር መቃቃሩን ግን አልመክረውም።

በጸደይ ለንግድ የሚመጡት ኤልፎች የተባሉት ሌላ ዘር ለዚህ ጉዳይ አይረዱም፤ የብረት ዕቃ አይነግዱም፣ ከእንጨት የተሠራ ነገር ቢቀርብላቸውም ተቆጥተው ይሄዳሉ። የድንኮቹ እናት አገር በዓለሙ ታሪክ ውስጥ ጠፍታ ከሆነ ደግሞ የመኸሩ ሲራራ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል፤ መጠበቅ ከመጀመር በፊት ይህን በዓለም ካርታው ላይ ማረጋገጥ ይገባል። አዲስ ስደተኞች ዶማ ይዘው ይመጣሉ ብሎ መቀመጥ ግን ዕቅድ አይባልም።

ከጨዋታው ውጭ ያሉ መፍትሔዎች

ስቲም በተባለው የጨዋታ መሸጫ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው እትም በየወቅቱ ራሱን እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ከተደረገ ከ84 ቀን የበለጠ ሳይጠፋ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ዲኤፍሀክ የተባለው ነፃ ተጨማሪ መሣሪያ ደግሞ የዕቃውን ዓይነትና ብረቱን አስመርጦ ዶማውን በቅጽበት ይፈጥራል። በሁለቱም እርግጠኝነቱ ሙሉ፣ አደጋው ባዶ ነው፤ የሚከፈለው በታሪኩ ነው። ለእኔ የድንበሩ መስመር እዚህ ላይ ነው፦ ዶማው የጠፋው በጨዋታው ስህተት ከሆነ ዲኤፍሀክን ያለ ሐፍረት እጠቀማለሁ፣ በራሴ ጥፋት ከሆነ ግን መኸርን እጠብቃለሁ። ጨዋታውን ገና እየተማረ ላለ ሰው ይህ ጥብቅነት አያስፈልገውም።

መንደሩን ትቶ፣ በአዲስ ሰባት ድንኮችና በአዲስ ስንቅ ተመልሶ ማስመለስም አለ። በስንቁ ላይ ዶማ መጫን ስለሚቻል ውጤቱ እርግጠኛ ነው፤ ዕቃው ግን ተበታትኖ ይጠብቃል። ከሁለት ዓመት በላይ ለተለፋበት መንደር ኪሳራው ከባድ ነው።

| አማራጭ | የሚወስደው ጊዜ | የሚያስፈልገው | አደጋ | እርግጠኝነት |
|---|---|---|---|---|
| ፈልጎ ማግኘት፣ እገዳ ማንሣት | ደቂቃዎች | ምንም | ዝቅተኛ | ዶማው ካርታው ላይ ካለ ከፍተኛ |
| ከደረቅ ጉድጓድ ወይም ከኩሬ ማውጣት | ቀናት እስከ ሳምንታት | ግንድና አናጢ | መካከለኛ | ጥሩ |
| ከወንዝ ወይም ከማግማ ማውጣት | አይታወቅም | ብዙ | ከፍተኛ | ደካማ |
| በራስ መንደር ማንጠር | ሳምንታት | መስፍ፣ ሦስት እሳት የሚችል ዕቃ፣ ግንድ፣ ብረት | ዝቅተኛ | ከፍተኛ |
| ሲራራ፣ የመጀመሪያው | እስከ መኸር | ማራገፊያና ሽያጭ | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| ሲራራ፣ በጥያቄ | እስከ ቀጣዩ መኸር | ተጨማሪ ሽያጭ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ |
| የተቀመጠ ጨዋታ ወይም ዲኤፍሀክ | ደቂቃዎች | ተጨማሪ መሣሪያ ወይም ቅጂ | የለም | ሙሉ |
| ትቶ ማስመለስ | አዲስ ጅምር | አዲስ ስንቅ | የመንደሩ ኪሳራ | ሙሉ |

ለየትኛው መንደር የትኛው

ጋሪና ጥቂት ግንድ ብቻ ላለው፣ ድንጋይ ሳያወጣ ዶማ ለጠፋበት መንደር ምርጫው ሲራራ ነው። እስከዚያው ድረስ ከመሬት በላይ መኖር ይቻላል፤ በግንድ ግድግዳ ቤት ይሠራል፣ በሜዳው ላይ እርሻ ይታረሳል፣ ወጥ ቤቱ ለሽያጭ ያበስላል። ድንጋይ፣ መስፍና ዛፍ ላለው ደግሞ ማንጠሩ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሲራራው የቀረው አንድ ወር ቢሆን እንኳ ማቅለጫውን አሁኑኑ መሥራቱ አይጎዳም፣ ነጋዴው ባር ብቻ ይዞ ቢመጣ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋልና። ብዙ ድንኮችና የጎብሊን ምርኮ ያለው ሀብታም መንደር ምርኮውን አቅልጦ አንድ ሳይሆን አራት አምስት ዶማ ያስነጥር፤ አንዱንም ማንም በማይደርስበት መጋዘን አግዶ ያስቀምጥ። መኸር ያለፈበት፣ መስፍም ድንጋይም የሌለው ሰው ግን ከአንድ ዓመት መጠበቅ፣ ከዲኤፍሀክና ትቶ ከማስመለስ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን ከመንደሩ ዕድሜ አንጻር፣ ከላይ ያሰመርኩትን መስመር ጥሼም ቢሆን፣ ዲኤፍሀክን እመርጣለሁ።

ስለ ሌሎቹ ሁለት መሣሪያዎች ጥቂት ልጨምር። የመጥረቢያ መጥፋት የሚፈራውን ያህል አይደለም፤ አናጢው ከእንጨት የሚሠራው የልምምድ መጥረቢያ ዛፍ ስለሚቆርጥ፣ ከፈረሰው ጋሪ ሦስት ግንድ አንዱ ለአናጢው ቤት፣ ሁለተኛው ለመጥረቢያው ይበቃል። መስፍ ግን ከዶማም ይብሳል። የሚሠራው ከብረት ወይም ከአረብ ብረት ነው፤ ለመሥራቱ የአንጥረኛ ቤት ያስፈልጋል፣ የአንጥረኛ ቤት ደግሞ ያለ መስፍ አይቆምም። ስለዚህ መስፍ የሌለው መንደር ከሲራራው በቀር መንገድ የለውም። መስፍ ጠፋብኝ የሚል ሰው ግን አስቀድሞ የቆመ የአንጥረኛ ቤት እንዳለው ይመልከት፤ ቤቱ ሲፈርስ መስፉ ወለሉ ላይ ይቀራል።